የእትዬ ልኬ ጀርባ

እትዬ ልኬን መጀመሪያ ያየኋት ታናሽ እህቷ ክንዷን ይዛ እየጎተተች ሦስተኛ ፎቅ ስታወጣት ነው። እኔ ያኔ ዮጋ ቤቱ በር ላይ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ስም እመዘግባለሁ፣ ምንጣፍ አድላለሁ፣ የጫማ መደርደሪያውን አስተካክላለሁ፣ "እባካችሁ ስልካችሁን አጥፉ" እላለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ከታች መነጽር ቤት፣ ከመነጽር ቤቱ በላይ ጥርስ ሐኪም፣ ከጥርስ ሐኪሙ በላይ እኛ። ሊፍት የለም። እትዬ ልኬ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆየችና፣

"እዚህ ድረስ የወጣ ሰው ስፖርቱን ሠርቷል። በቃ፣ ወደ ቤቴ ልመለስ" አለች።

"እታለም፣ ገና በሩ ላይ ነሽ እኮ" አለች እህቷ እየሳቀች።

ፎርሙን አቀረብኩላት። ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብላ ብታየውም ማንበብ አልቻለችም። "መነጽሬን ሱቅ ረስቼዋለሁ። ምን ይላል የኔ ልጅ?" አለችኝ።

"ምንም አይልም እትዬ። ሁሉም የሚፈርመው ነው" አልኳት። ፈረመች።

ልኬ የወጣላት ስም ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ። ሜትሩ አንገቷ ላይ ቢንጠለጠልም ብዙ ጊዜ አትነካውም ነበር። ደንበኛውን ከላይ እስከ ታች አንዴ ታየውና "ልክህን ይዤዋለሁ፣ ሂድ" ትለዋለች። ልብሱም ሲመጣ ጣት አይዛነፍም። አንድ ጊዜ የወፈረ ደንበኛዋ ሱሪ ጠቦት ቢመጣ፣ "እኔ የሰፋሁት ለባለፈው ወር ሆድህ ነው፤ ይኼኛውን አላስተዋወቅኸኝም" ብላ ሱቁን ሙሉ አስቃለች። የተማሪ ዩኒፎርምና የሆስፒታል ጋውን ነበር ዋናው ሥራዋ። ሱቋ አንዲት ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የጨርቅ ጥቅሎቹ እስከ ጣሪያ በተሠራ መደርደሪያ ላይ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ማጎንበስ አንገቷን ወደፊት አስቀርቶት፣ ከኋላ ለሚያያት መርፌ ወድቆባት የምትፈልግ ትመስል ነበር።

እናታቸው የሞቱት እሷ የአሥራ ዘጠኝ፣ እህቷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። አባት ቀድሞ ነው የሄደው፤ ወዴት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ እህቷን አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራ አሳደገቻት። አንድ መካኒክ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቷት ነበር አሉ። "ሚጣ ትድረስልኝና" አለችው። ሚጣ ስትደርስ መካኒኩ የሦስት ልጆች አባት ሆኖ ነበር። እትዬ ልኬ ይህን ስታወራ እንደ ቀልድ ነው የምታወራው፤ የሦስቱንም ልጆች ዩኒፎርም የሰፋችው እሷ ናትና።

ሚጣ አሁን የአርባ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ስሙ ግን አልለቀቃትም። ወደ እኛ የመጣችው ከእህቷ ስምንት ወር ቀድማ ነው። ልጅ በሆዷ ሞቶባት ነበር፤ በስምንተኛ ወሩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋባት። ባሏ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፣ ኪኒን ሰጧት፣ አልሆነም። ከሥራ ባልደረቦቿ አንዷ ናት እኛ ጋ ያመጣቻት። መጀመሪያ ሰሞን፣ ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ሁሉም በጀርባው ተንጋሎ ዓይኑን ሲከድን፣ የሚጣ እንባ በጉንጯ ሳይሆን ወደ ጆሮዋ እየፈሰሰ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ምንጣፉን የምወለውለው እኔ ነኝና አውቃለሁ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፋ፣ "ትናንት ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ" አለችኝ። ልጇን የዳረች እናት ፊት እንኳ እንደዚያ አይበራም።

ስለዚህ ሚጣ ያንን ክፍል አመነችው። እህቷ ወገቧን ይዛ ስታቃስት ስታይ ያዳናት ቦታ እህቷንም እንደሚያድን አልተጠራጠረችም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ይኼንኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ እንደ ሚጣ አልነበረም። መግቢያው ላይ የአስተያየት ደብተር አለን፤ ሰው የመሰለውን ይጽፍበታል። "ነፍሴ ተመለሰች" ብሎ የጻፈ ሰው ሥር ሌላው "ሙዚቃው እንቅልፍ ያመጣል" ይላል። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሦስት ቀን መጥቶ፣ "ለጥ ብሎ ለመተኛት ቤቴ አልጋ አለኝ" ብሎ ጽፎ ቀረ። ጡረታ የወጡ አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ሁሌ መጨረሻ ላይ ያንኮራፋሉ፣ ሁሌም "አላንኮራፋሁም" ይላሉ። አንዲት ነርስ ደግሞ፣ "በሳምንት ውስጥ ማንም የማይጠራኝ ይህች አንድ ሰዓት ብቻ ናት" ብላኝ ታውቃለች።

እትዬ ልኬ የጀመረችው ከመጀመሪያዋ አስተማሪያችን ጋር ነው። ትንሽ ሴት ናት፣ ድምጿ የማይሰማ። እትዬ ልኬን አይታ ወዲያው ወንበር አመጣችላት። ሌሎች መሬት ላይ የሚሠሩትን እሷ ወንበር ይዛ ትሠራለች፤ ስትተኛ ጉልበቷ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ይደረግላታል። አስተማሪዋ የእንቅስቃሴዎቹን ስም ስትጠራ፣ የድመት፣ የውሻ፣ የእባብ ስትል፣ እትዬ ልኬ ከኋላ ሆና፣ "ይኼ ዮጋ ነው ወይስ የአራዊት ማቆያ?" ትላለች። ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ ይስቃሉ። አስተማሪዋ አትቆጣም። "እትዬ፣ እስከሚመችሽ ድረስ ብቻ" ትላታለች። "የሰው ጀርባ እንደ ጨርቅ አይደለም፤ ከተቀደደ አይሰፋም።"

ይቺ አባባል ለእትዬ ልኬ ደስ አለቻት። ደንበኞቿ ፊት ሁሉ ትደጋግማት ነበር።

አራት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ሱቋ ጋ እግር ጥሎኝ ብገባ፣ ያለ በርጩማ እጇን ዘርግታ የላይኛውን የጨርቅ ጥቅል ስታወርድ አገኘኋት። "አየሽ?" አለችኝ። "ስድስት ዓመት ሰው ለምኜ ነው ሳወርደው የኖርኩት።" ጥቅሉን መልሳ ሰቀለችው፤ ደግማ አወረደችው። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ዛሬም ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ትንሿ አስተማሪ ባሏ ሥራው ሌላ ከተማ ሆነና አብራው ሄደች። የዮጋ ቤቱ ባለቤት በእሷ ቦታ አንድ ጎልማሳ ቀጠረች። ጂምናስቲክ የሠራ፣ ክንዱ እንደ ገመድ የተገመደ፣ ሲናገር ክፍሉን የሚሞላ ሰው ነው። እኛ አሠልጣኙ እንለዋለን። እሱ ከመጣ በኋላ ክፍሉ ሰው አልችል አለ። ወጣቶቹ ወደዱት። ዳይሬክተሩ ቦርጫቸው ቀነሰ፤ ማንኮራፋታቸውንም ተዉ። ነርሷ ግን ሁለት ሳምንት ቆይታ፣ "አዛዥማ ሥራ ቦታዬም ሞልቷል" ብላ ወጣች። ወንበሮቹ ወደ ዕቃ ቤት ገቡ። "ወንበር ምርኩዝ ነው" ይል ነበር፤ "አልችልም የሚለው አእምሮ እንጂ ሰውነት አይደለም።"

ሚጣ ከሚወዱት አንዷ ነበረች። "ጭንቅላቴን ባዶ ያደርግልኛል። ሲያደክመኝ ማሰብ አልችልም" አለችኝ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ያዘች።

እትዬ ልኬ ግን ፈራችው። አንድ ማክሰኞ ጫማ ማውለቂያው ጋ ቁጭ ብላ ጫማዋን ሳትፈታ ቆየች።

"ሚጣ፣ እኔ ዛሬ ይቅርብኝ" አለች። "ይኼ ልጅ እጁ ከባድ ነው።"

"እታለም ደግሞ ሁልጊዜ እንደፈራሽ ነው። ይኸው አራት ወር ሙሉ እየተሻለሽ አይደል? ሊያልቅ ሲል ልትተዪው? ለኔ ስትዪ ግቢ።"

"ለኔ ስትዪ" ከተባለች እትዬ ልኬ ገደልም ቢሆን ትገባለች። ጫማዋን ፈትታ ገባች።

የሆነውን ያየሁት በክፍሉ የመስታወት በር በኩል ነው። እግር ዘርግተው ቁጭ ብለው ወደፊት እየታጠፉ ነበር። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። አሠልጣኙ በረድፎቹ መካከል እየዞረ የቀረውን ይገፋል። እትዬ ልኬ ጋ ሲደርስ ከኋላዋ ተንበረከከ፣ ሁለት መዳፉን ወገቧ ላይ አድርጎ ደረቱን ጫነባት።

"ይበቃኛል፣ ልጄ" አለች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ለእኔም ተሰምቶኛል።

"ይችላሉ ማዘር። ይተንፍሱና ይልቀቁት።"

"ይበቃኛል አልኩህ።"

አንዴ ደግሞ ገፋ። እትዬ ልኬ አልጮኸችም። እንደታጠፈች ቀረች። እሱ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ "ጎበዝ!" ብሏት አለፈ። ሌሎቹ ተነስተው ወደሚቀጥለው ሄዱ፤ እሷ እዚያው፣ ፊቷ ጉልበቷ ላይ። በመጨረሻ ምንጣፉን በእጇ እየገፋች ተነሳችና ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ቀኝ እግሯ መሬት አይረግጥም፤ ይጎተታል። ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ ስትል ላብ አጠመቃት። ተንበርክኬ አጠለቅኩላት፣ ማሰሪያውንም አሰርኩላት።

"እግሬ የት ሄደ የኔ ልጅ?" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። ቀልድ አልነበረም።

ሐኪሙ የአከርካሪዋ ዲስክ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል አላት። ቀዶ ሕክምናው እንደሚያሽላት ዋስትና የለውም፣ ሊያብስባትም ይችላል፤ ፈርታ ተወችው። ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ደነዘዘ። የስፌት መኪናውን ፔዳል የሚረግጠው እግር ነው። ፔዳሉን መርገጧን አታውቀውም፤ ስትረግጥ መኪናው ያመልጥና ስፌቱን ያበላሽባታል። ከሩብ ሰዓት በላይ ቁጭ ማለትም አትችልም። ትምህርት ቤት ሊከፈት አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ የተቆረጠ፣ ያልተሰፋ ዩኒፎርም ጠረጴዛውን ሞልቶታል።

እኛ ጋ የተባለውን ልናገር። የዮጋ ቤቱ ባለቤት አሠልጣኙን ጠርታ ጠየቀችው። "ቀድሞም በሽተኛ ናት። ስንቱን እንዲሁ አድርጌያለሁ፣ ማን ተጎዳ? ደግሞስ ፎርም ፈርማ የለ?" አለ። ፎርሙን ከፋይሉ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። "ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱን ራሴ እወስዳለሁ" ይላል። ከሥሩ የእትዬ ልኬ ፊርማ፣ የተንጋደደ፣ ያለ መነጽር የተፈረመ። ምንም አይልም ያልኳት እኔው ነኝ።

ከአሥር ቀን በኋላ እትዬ ልኬ አንድ ሰው ላከች፤ የአስተያየት ደብተሩ ላይ ለጥፉልኝ ብላ የጻፈችውን ይዞ። "ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሁለት ጊዜ።" ይኸው ነው የጻፈችው። ለጠፍኩት። ባለቤቷ አይታ፣ "ይኼንን ያነበበ ሰው ደግሞ ይመለሳል? ደብተሩ ሞልቷል፤ አዲስ አውጪ" አለችኝ። ደብተሩ አልሞላም ነበር። አዲስ አወጣሁ። አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የምበላው ከዚያ ቤት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሚጣ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ደረጃውን ስትወጣ ሳያት ቆሽቴ አረረ።

"እህትሽ እንዲያ ሆና እዚህ ትመጫለሽ?" አልኳት፤ ደንበኛ መሆኗንም ረስቼ።

አላኮረፈችም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። "ካልመጣሁ አልተኛም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ካልተኛሁ ደግሞ ልጁ ይመጣብኛል።" ፈርማ ገባች።

እትዬ ልኬን ልጠይቅ ሄድኩ። ሱቁ ጀርባ ባለችው መኖሪያ ክፍሏ፣ ጠንካራ ፍራሽ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ሻይ ላፍላልሽ ብትለኝም ራሴ አፈላሁ። ከሚጣ ጋር እንደተጣሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሚጣ መጥታ፣ አልቅሳ፣ አገላብጣ ስማ፣ ከዚያ ልታጽናናት ብላ "እታለም፣ ምናልባት በደንብ አልተነፈስሽ ይሆናል" አለቻት።

"ምን አልሻት?" አልኩ።

"ልክ ነሽ አልኳት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አልተነፈስኩም አልኳት። ከዚያ ውጪልኝ አልኳት።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ሚጣን ውጪ ስላት ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ሕፃን ሆና ስታጠፋ እንኳ ውጪ ብሏት የማያውቅ ምላስ ነው።"

ሰባት ወር አልተያዩም።

ዩኒፎርሞቹን ያወጣላት ማንም ያልጠበቀው ሰው ነው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ድሮ ደንበኛ ወሰድሽብኝ፣ ወሰድክብኝ ተባብለው ለዘጠኝ ዓመት ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። ሱቋ ሦስት ቀን ተዘግቶ ሲያይ መንገዱን ተሻግሮ አንኳኳ። ምን እንደሆነች ሰማ። የተቆረጠውን ጨርቅ በሁለት እቅፍ ወሰደ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ኮሌታው ሥር የእሷ ምልክት ተለጥፎበት መለሰላት። "ስፌትሽን ለመምሰል አበሳዬን አየሁ" አላት። "እጅሽ መጥፎ ነው ብዬ ለሰው የማወራው ሁሉ ውሸት ነበር።"

እትዬ ልኬ ዘጠኝ ዓመት ባኮረፈችው ሰው ፊት ያን ቀን አለቀሰች። ከጀርባ ያለችውን ክፍል ብቻ አስቀርታ ሱቁን ለቀቀች። መኪናዋንም እሱ ወሰደው፤ ሌላ ሰው እጅ ከሚገባ ብላ ራሷ ነች ውሰደው ያለችው።

እኔም ብዙ አልቆየሁም። አንድ ቀን ባለቤቷ ፎርም እንዳስፈርማቸው አዲስ የመጡ አንዲት ሴትዮ ወደ እኔ ላከች። ሴትዮዋ "ምን ይላል?" አሉኝ። እያንዳንዷን ቃል አነበብኩላቸው። ሳይፈርሙ ሄዱ። ባለቤቷ ጠርታ አናገረችኝ፤ በሳምንቱ ለቀቅኩ። መሳቢያው ውስጥ ያለውን ደብተር ይዤ ልውጣ ብዬ አስቤ ነበር፤ ሳልይዝ ወጣሁ። ለእትዬ ልኬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ፎርሙንም፣ ደብተሩንም።  "አወቅሁ" አለች በመጨረሻ። ምሬሻለሁም፣ አልማርሽምም አላለችኝም። ከዚያ በኋላ ስሄድ ግን በሩን ትከፍትልኛለች።

ሚጣ የተመለሰችው በስምንተኛው ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እኔም እዚያ ነበርኩ። ልወጣ ብነሳ እትዬ ልኬ "ተቀመጪ" አለችኝ። ሚጣ ሳትቀመጥ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ተናገረች።

"እታለም፣ ያን ቀን ሰምቼሻለሁ።"

"ምኑን?"

"ይበቃኛል ስትዪ። የመጀመሪያውን ሰማሁት። ዓይኔን ገልጬ ፊት ለፊት ባለው የግድግዳ መስታወት አየሁሽ።" የቦርሳዋን ማንጠልጠያ አጠመዘዘች። "መልሼ ጨፈንኩት። ጭንቅላቴ ገና ዝም ማለት ጀምሮ ነበር። ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ዝም እንዲል ፈለግኩ። ትችላለች ብዬ... አንቺ እኮ ሁሌ ትችያለሽ።"

 ውጭ የሚያልፍ መኪና ጥሩንባ ይነፋል። እትዬ ልኬ እህቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ደንበኛ እንደምታይ። ሚጣ ከስታ ነበር፤ ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ቀሚሱ ሰፍቶሻል" አለቻት። "አውልቂውና እዚያ አስቀምጪው። ጎንና ጎኑን ምልክት አደርግበታለሁ፤ ማዶ ያለው ሰውዬ ይሰፋዋል።"

ሚጣ መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። እትዬ ልኬ አላቀፈቻትም። ማጎንበስ ስለማትችል ይሁን ስላልፈለገች አላውቅም፤ ጠይቄያት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሚጣ በየቅዳሜው እየመጣች የእህቷን ፀጉር ታጥብላታለች፤ እትዬ ልኬ ወደ ገንዳው ማጎንበስ አይሆንላትም። ዮጋውን ትታዋለች። ማንም ተይ አላላትም። እንቅልፏም አብሮ ሄደ፤ ባሏ ሲያገኘኝ "እንደ ድሮው ስትገላበጥ ማደር ጀመረች" ይለኛል። አሠልጣኙ እዚያው ነው፤ ክፍሉም ሙሉ ነው። ዳይሬክተሩ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እግዜር ይስጠው እያሉ ያመሰግኑታል፤ ለእሳቸው እውነት ነው።

አንድ ቀን እትዬ ልኬን፣ "ይቅር ብለሻታል?" ብዬ ደፍሬ ጠየቅኳት።

"ልጄ ናት፤ ልጅ ምን ይደረጋል?" አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ "ግን ውሃውን ስታፈስልኝ ሳሙናው ቢገባም ዓይኔን አልጨፍንም" አለች።

አሁን ማዶ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሠራለች። ቁጭ ማለት ስለማትችል ደረቷ ድረስ የሚደርስ ጠረጴዛ አሠርቶላት፣ ቆማ ጨርቅ ትቆርጣለች። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ለአንድ ሰዓት። ከዚያ እግሯ ያብጣል። እሱ ይሰፋል፣ እሷ ትቆርጣለች፣ ስለ ኮሌታ ይጨቃጨቃሉ። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ በመስኮቱ አየኋት። ምርኩዟን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንጠልጥላ፣ መቀሷን ይዛ፣ የልጅ ሱሪ የሚወጣበትን ሰማያዊ ጨርቅ ትዘረጋ ነበር። እጄን አነሳሁላት። አላየችኝም።